በጎንደር ለግቢ በር የመኪና ማገጃ ምሰሶ ሲተከል

የማገጃ ምሰሶ ሰውን እያሳለፈ መኪናን የሚያስቀር ስለሆነ፣ ብረት ከመግዛትዎ በፊት ክፍተቱን ይወስኑ። በሌላ አገር ለመኪና የተለመደው ክፍተት እስከ 1.2 ሜትር ነው፤ ጎንደር ላይ ግን የባጃጅ ስፋት 1.3 ሜትር ያህል በመሆኑ፣ ምሰሶው ትንሽ ካዘነበለ ባጃጁ ሾልኮ ይገባል። ስለዚህ ከብረት ጠርዝ እስከ ብረት ጠርዝ ተለክቶ ከ1 እስከ 1.1 ሜትር ቢሆን እመርጣለሁ፤ ከ90 ሳንቲ ሜትር በታች ማጥበብ ግን በዊልቸር የሚመጣውን ሰው ደጅ ላይ ማስቀረት ነው።

ከመቆፈርዎ በፊት የውሃና የቴሌ መስመር የት እንደሚያልፍ ያጣሩ። ቦታው በፋሲል ግቢ ወይም በሌላ ቅርስ አጠገብ ከሆነ፣ ያለ ቅርስ ጥበቃ ፈቃድ ዶማ አያንሡ።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥልቀቱ ነው። በአንድ ግቢ በር ላይ 40 ሳንቲ ሜትር ብቻ የተቀበረ ምሰሶ፣ አሸዋ አራግፎ ወደ ኋላ የሚወጣ አይሱዙ በቀስታ ገፋ ሲያደርገው ከነኮንክሪቱ እንደ ጥርስ ተነቅሎ ሲወድቅ አይቻለሁ፤ ብረቱ አልጎበጠም ነበር። ከመሬት በላይ 90 ሳንቲ ሜትር ለሚቆም ምሰሶ ቢያንስ ያንኑ ያህል ይቆፈር፤ ከሥር ጠጠር ይደልደል፤ የምሰሶው የብረት ቧንቧ ውስጡም ዙሪያውም በኮንክሪት ይሞላ። ብረቱ ቶሎ የሚበላው ከመሬት ጋር በሚገናኝበት አንገቱ ላይ፣ የክረምት ውሃ በሚያቁርበት ቦታ ነውና፣ ኮንክሪቱ እዚያ ከፍ ብሎ ወደ ውጭ እንዲያዘነብል ይደረግ፤ አንቲረስትም ሳይቀባ አይተከል። ከዚያ በእርጥብ ጆንያ ሸፍነው 7 ቀን ውሃ ያጠጡት፤ ሙሉ ጥንካሬውን የሚያገኘው ግን በ28 ቀን ገደማ ነው።

ለእሳት አደጋ መኪናና ለአምቡላንስ 4 ሜትር ያህል ስፋት የሚነቀሉ ምሰሶዎች ይኑሩበት፤ የጓጉንቸሩም ቁልፍ በሌሊትም በቀንም ከተረኛው ጥበቃ እጅ አይለይ። በምሰሶዎቹ መካከል ሰንሰለት አይዘርጉ፤ በከተራና በጥምቀት ሕዝብ ሲጎርፍ ሰው ይጥላል። መብራት ሲጠፋ እንዲታዩም አንጸባራቂ ቴፕ ይለጠፍባቸው።

እንዲህ ያለው ምሰሶ መኪና እንዳይቆም፣ በዝግታም የሚመጣው እንዳይገባ ይከለክላል እንጂ በፍጥነት የሚመጣን የጭነት መኪና አያቆምም፤ ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር የግጭቱ ኃይል አራት እጥፍ ይሆናልና። በርዎ በቁልቁለት መንገድ ግርጌ ካለ፣ በግጭት ፍተሻ የተረጋገጠ ምሰሶ በመሐንዲስ ተነድፎ ይተከልልዎ።