ዴስክቶፕን በትልቅ ላፕቶፕ ከመተካታችሁ በፊት ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቤቴ ደሴ፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ ነው። የቤት ፕላን እሠራለሁ። ለዓመታት ዴስክቶፑ ኮምቦልቻ ቢሮ ተቀምጦ እኔ በየቀኑ የሐረጎን መንገድ እወጣለሁ፣ እወርዳለሁ። ማታ ሥራ ቢመጣ የምሠራበት የለኝም። ቀን ደግሞ መብራት ድንገት ሲሄድ ሴቭ ያላደረግኩት ሁሉ አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ዕቁብ ሲደርሰኝ ባለ 17 ኢንች ላፕቶፕ ገዛሁ። የመጀመሪያው አልሆነልኝም። ከዚያ ወዲህ የማውቀው ሰው ላፕቶፕ ሊገዛ ሲል አብሬው ሱቅ እሄዳለሁ፤ በዕቁብ ብር የሚገዛ ዕቃ ሲበላሽ ማየት ያመኛል።

እኔን የጎዳኝ ስም ማመኔ ነው። ያገለገለ ዕቃ ነበር። የሱቁ ልጅ «ጋሼ፣ አይ ሰቨን እኮ ነው!» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ፕሮሰሰሩ፣ ማለትም የላፕቶፑ አንጎል፣ አይ ሰቨን ነው። ግን ኮር አይ7-7500ዩ ነበር። ይህ ፕሮሰሰር እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ሲሆን ያለው 2 ኮር (ሥራውን የሚካፈሉ የፕሮሰሰሩ ክፍሎች) ብቻ ነው። በዓመቱ የመጣው ኮር አይ5-8250ዩ በስም ዝቅ ያለ ቢመስልም 4 ኮር አለው። ባለ ሦስት ፎቅ ፕላን ከፍቼ ሳዞረው ስክሪኑ ቀጥ ይላል። ቢሮ ጥዬው የሄድኩት አሮጌ ዴስክቶፕ ይሻል ነበር።

ስለዚህ «አይ ሰቨን» ሲሏችሁ ሙሉ ቁጥሩን ጠይቁ። በኢንቴል ላፕቶፖች መጨረሻ ላይ ያለችው ፊደል ብዙ ትናገራለች። ዩ ከሆነ ኃይል ለመቆጠብ የተሠራ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በ15 ዋት ይሠራል። ኤች ያለበት ግን በ45 ዋት ገደማ የሚሠራ፣ ከባድ ሥራ የሚችል ነው። ትውልዱንም፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ የወጣበትን ዘመን፣ እዩ፤ አዲስ ዩ አሮጌ ኤችን የሚበልጥበት ጊዜ አለ። ሥራችሁ ደብዳቤና ኤክሴል ከሆነ ዩ ይበቃችኋል፣ ብር አትጨምሩ። ለፕላን፣ ለቪዲዮና ለፎቶ ግን ኤች ፈልጉ። የሻጩን ቃል ብቻ አትያዙ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭናችሁ ታስክ ማናጀርን ክፈቱ። ፐርፎርማንስ የሚለውን ስትጫኑ የፕሮሰሰሩ ስምና የኮሩ ብዛት ተጽፎ ታገኙታላችሁ።

ሌላው ስህተት በአምስት ደቂቃ ሙከራ መወሰን ነው። ማንኛውም ላፕቶፕ ሲከፈት ፈጣን ነው። ዴስክቶፕን የሚተካ መሆኑ የሚታወቀው ከሞቀ በኋላ ነው። ፕሮሰሰሩ ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ቀጭን ሆኖ ማቀዝቀዣው ደካማ ከሆነ ትልቅ ስክሪን ቢኖረውም ዋጋ የለውም። የራሳችሁን ከባድ ፋይል በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። ቻርጀሩ ተሰክቶ ግማሽ ሰዓት ሥሩበት። ሻጩ ፊቱን ቢያጠቁርም ታገሱ፤ ብሩ የእናንተ ነው።

እዚህ ላይ የአገራችን አየር ይገባበታል። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር አካባቢ። ደሴ ብርድ ላይ ድምፁ ያልተሰማ ፋን ኮምቦልቻ ከሰዓት በኋላ ሲጮህ ትሰሙታላችሁ። ደሴም ብትሆን ብርዷን አይታችሁ አትዘናጉ። ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ፋኑ የሚገፋው አየር የሚወስደው ሙቀት ያንሳል። ደግሞ እባካችሁ ላፕቶፑን ዳንቴል የለበሰ ጠረጴዛ ላይ ወይም ብርድ ልብስ ላይ አታስቀምጡት። አየር የሚስበው ከሥሩ ነው።

ስለ ስክሪን ሰው ኢንቹን ብቻ ይጠይቃል። አሮጌ ባለ 17.3 ኢንች ላፕቶፖች ውስጥ 1600 በ900 ፒክስል (ምስሉን የሚሠሩ ነጥቦች) የሆኑ ብዙ አሉ። ፊደሉ ይተልቃል እንጂ የሚታየው ሥራ አይጨምርም። ቢያንስ 1920 በ1080 ይሁን። ከጎን ሆናችሁም እዩት፤ ቀለሙ የሚገረጣ ከሆነ ለፎቶ ሥራ አትግዙት። መጠኑንም በሴንቲ ሜትር አስቡት። የ15.6 ኢንች ስክሪን ወርዱ 34.5፣ የ17.3 ደግሞ 38 ገደማ ነው። የ24 ኢንች ሞኒተር ግን 53 ይደርሳል። ለአራት ሴንቲ ሜትር ብሎ ሦስት ኪሎ ገደማ ተሸክሞ በሚኒባስ መመላለስ ለእኔ አልከፈለኝም። አሁን የያዝኩት ጠንካራ ፕሮሰሰር ያለው ባለ 15.6 ኢንች ነው። ቢሮ ስደርስ ከሞኒተር ጋር እሰካዋለሁ። ላፕቶፑ ከአንድ ጠረጴዛ የማይነሳ ከሆነ ግን ባለ 17ቱን ግዙ።

«ቻርጀር ላይ ስለሚውል ባትሪው ባይሠራም ግድ የለም» የሚል ሰውም ብዙ ነው። እኔ አልስማማም። መብራት በሚሄድበት ከተማ ላፕቶፕን ከዴስክቶፕ የሚያስበልጠው ባትሪው ነው። ስትፈትኑት ፋይላችሁ ክፍት እያለ ቻርጀሩን ንቀሉት። ወዲያው ከጠፋ የባትሪ ዋጋ ይቀነስላችሁ ወይም ተዉት። ከገዛችሁ በኋላም 100 ከመቶ ሞልቶ ሁልጊዜ ተሰክቶ መዋል፣ በተለይ ከሙቀት ጋር፣ ባትሪን ቶሎ ያስረጃል። ብዙ ላፕቶፖች 80 ከመቶ አካባቢ ላይ መሙላት እንዲያቆም የሚያደርግ ማስተካከያ አላቸው፤ ክፈቱት። የጣት ማንሸራተቻው ወደ ላይ ተነስቶ ካያችሁ ባትሪው አብጦ ሊሆን ስለሚችል አጥፍታችሁ ቶሎ ለባለሙያ አሳዩት።

ቻርጀሩም የራሱ ይሁን። 180 ዋት የሚፈልግ ማሽን በ90 ዋት ቻርጀር ቢበራም ይንቀረፈፋል፣ አንዳንዱም ተሰክቶ እያለ ባትሪው ይወርዳል። ጀርባው ላይ የተጻፈውን አንብቡ።

አንገታችሁንም አትርሱ። ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብሎ ላፕቶፕ ማየት ያሳምማል። ከሥሩ ሁለት ወፍራም መጽሐፍ ከጎንና ከጎን አድርጋችሁ፣ መሐሉን ለአየር ክፍት ትታችሁ፣ ከፍ አድርጉት። ኪቦርድና ማውስ ለብቻ ግዙለት።

የመጨረሻው ስህተት ላፕቶፑ በተገዛ ማግስት ዴስክቶፑን መሸጥ ነው። ዴስክቶፕ ፓወር ሰፕላዩ ቢቃጠል ይቀየራል። ላፕቶፕ ላይ ግን ብዙው ነገር ማዘርቦርዱ (ዋናው ሰሌዳ) ላይ የተበየደ ነው፤ ራሙ (ጊዜያዊ ማስታወሻው) ሳይቀር የማይጨመርበት አለ። ቢያንስ አንድ ወር ሁለቱንም ያዙ። ሁሉም ፋይል መተላለፉን፣ ፕሪንተሩ መሥራቱን እዩ። ከዚያ ሳጥኑን ሽጡ። ሞኒተሩን ግን አትሽጡት፤ ኤችዲኤምአይ የሚባለው መሰኪያ ካለው በአንድ ገመድ ከላፕቶፑ ጋር ይገናኛል፣ የድሮው መሰኪያ ቪጂኤ ብቻ ካለው ደግሞ አንድ ትንሽ መቀየሪያ ይበቃዋል።