ቫይብራፎን ላይ የጃዝ ኢምፕሮቪዜሽን እንዴት እንለማመድ? ከሁለት ኖታ እንጀምር

ቫይብራፎን ላይ ፔዳሉን ረግጣችሁ አንድ ቁልፍ ብትመቱ ድምፁ ቶሎ አይጠፋም። በመምቻ የሚመቱት ቁልፎቹ አሉሚኒየም ናቸው፤ ከሥራቸው የተንጠለጠሉት ቱቦዎች ደግሞ ድምፁን ያጎሉታል። የመሣሪያው ውበት ይሄ ነው። ጀማሪን የሚያስቸግረውም ይኸው ነው። ጃዝ ውስጥ ኮርዱ፣ ማለትም አብረው የሚሰሙት ኖታዎች ስብስብ፣ ቶሎ ቶሎ ይቀየራል፤ ያለፈው ኮርድ ኖታ ግን ገና እየጮኸ ነው፤ ከአዲሱ ጋር ይጋጫል። ስለዚህ ሃርመኒን (የኮርዶችን አካሄድ) እና ኢምፕሮቪዜሽንን (እዚያው እየፈጠሩ መጫወትን) ለየብቻ ባትለማመዱ እመርጣለሁ። ቫይብራፎን ላይ ሁለቱም የሚነሱት ከአንድ ጥያቄ ነው፦ የትኛው ኖታ ይቆይ፣ የትኛው ይቁም?

ለመጀመሪያው ጊዜ ሁለት መምቻ በቂ ነው። ታላቁ የጃዝ ቫይብራፎን ተጫዋች ሚልት ጃክሰን በአብዛኛው በሁለት መምቻ ነው የተጫወተው። ድምፁን የሚያወዛውዝ ሞተር ያለው መሣሪያ ከሆነ ሞተሩን አጥፉት፤ ድምፁ ካልተወዛወዘ የት ጋ እንደቆመ በደንብ ይሰማችኋል። ኖታዎቹን በዶ ሬ ሚ እጠራቸዋለሁ፤ ዶ በየትኛውም ስኬል ያው ዶ ነው።

1. ድምፅ በእጅ ማቆም

ፔዳሉን እስከ መጨረሻ ርገጡና አትልቀቁት። ዶን በቀኝ እጅ ምቱ። ቀጥሎ ቀኝ እጃችሁ ሬን ሲመታ፣ በዚያው ቅጽበት ግራ እጃችሁ በመምቻው ራስ ዶን ጫን ይበል። እንዲህ እያላችሁ ስኬሉን ውጡ፤ ቀኝ ይመታል፣ ግራ እየተከተለ ያቆማል። ስትወርዱ ተራው ይገለበጣል። «ጠቅ» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ጫን አላላችሁም፤ መትታችኋል ማለት ነው። በክር የተጠቀለለ መምቻ ለዚህ ይመቻል። ሌላው፣ ቁልፎቹን የያዘው ገመድ የሚያልፍበት ቦታ ላይ አትምቱ። እዚያ ጋ ድምፁ ይታፈናል።

በቀን አሥር ደቂቃ ይበቃል። ግን አትዝለሉት፤ ቀጥሎ ያለው ሁሉ በዚህ ላይ ነው የሚቆመው።

2. ኮርዱ ሲዞር መስማት

ጃዝ ውስጥ በብዛት የምታገኙት የኮርድ ቅደም ተከተል ይሄ ነው፦ ሬ ማይነር ሰባት፣ ሶል ሰባት፣ ዶ ሜጀር ሰባት። የየኮርዱን ጠባይ የሚናገሩት ከኮርዱ መነሻ ኖታ ሲቆጠር ሦስተኛውና ሰባተኛው ኖታ ናቸው። ለሬ ማይነር ፋ እና ዶ፣ ለሶል ሰባት ሲ እና ፋ፣ ለዶ ሜጀር ሚ እና ሲ።

ፔዳሉን ርገጡ። መሃለኛውን ዶ በግራ፣ ከሱ በላይ ያለውን ፋ በቀኝ አንድ ላይ ምቱ። አራት ምት ቁጠሩ። አሁን ግራው ወደ ሲ ይውረድና ይምታ፤ ቀኙ ዶን ጫን ይበል። ፋ አልተነካም፤ እንደጮኸ ነው። ግን ልክ ሌላ ኖታ የሆነ ይመስላል። ከሥሩ ያለው ኖታ በግማሽ ድምፅ ስለወረደ ብቻ ፋ መውረጃ የሚፈልግ ኖታ ሆነ። እንደገና አራት ቁጠሩ። ግራው ሚን ይምታ፣ ቀኙ ፋን ያቁም። ሲ ከሥር እየጮኸ ነው። ደረሳችሁ።

ይሄን ሃያ ጊዜ ደጋግሙት። ሃርመኒን በመጽሐፍ ሳይሆን በጆሮ የምታገኙት እዚህ ጋ ነው። እኔ ይሄን ልምምድ በጣም እወደዋለሁ፤ ዛሬም መሣሪያው ጋ ስቆም መጀመሪያ የማደርገው እሱን ነው።

3. በእነዚያው ኖታዎች ሶሎ መሥራት

ሜትሮኖሙን (ምት ጠባቂውን) በደቂቃ 40 ላይ አድርጉና ምቱን ሁለተኛና አራተኛ ምት ብላችሁ ቁጠሩት። ፍጥነታችሁ 80 ይሆናል። በየባሩ (በየአራት ምቱ) መጀመሪያ ላይ ከሁለቱ ኖታ አንዱ ላይ እረፉ። ከዚያ በፊት ያለውን መንገድ እናንተ ፍጠሩ። ለምሳሌ ሲ ላይ ለማረፍ ላ፣ ላ ሻርፕ፣ ሲ ማለት ይቻላል። መንገደኛ ኖታዎቹ አጭር ይሁኑ፤ ፔዳሉን የምትረግጡት ስታርፉ ነው።

የምትጫወቱትን አብራችሁ አንጎራጉሩ። መምቻ ትንፋሽ አያልቅበትም፤ ዝም ከተባለ ሲንጣጣ ይውላል። ስታንጎራጉሩ ግን ትንፋሽ መሳብ ግድ ነው፤ ሐረጋችሁም እዚያው ላይ ዕረፍት ያገኛል።

4. አራት መምቻ

በየእጁ ሁለት ሁለት መምቻ ያዙ። ሬ ማይነርን ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ላ አድርጉት። ለሶል ሰባት ዶን ብቻ ወደ ሲ አውርዱ። ለዶ ሜጀር ሲን ተዉትና ሦስቱን ዝቅ አድርጉ፦ ሲ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል። ከታችኛው ፋ ለመጀመር አትሞክሩ። የተለመደው ባለ ሦስት ኦክታቭ ቫይብራፎን ፋ ላይ ነው የሚጀምረው፤ ወደ ሚ ልውረድ ስትሉ ቁልፍ የለም።

5. ወደ ሌሎች ስኬሎች መሄድ

ዶ ሜጀር ላይ ስትደርሱ እጃችሁ ሲ እና ሚ ላይ ነው። ሁለቱንም በግማሽ ድምፅ አውርዱ። ሲ ፍላትና ሚ ፍላት፣ ማለትም ዶ ማይነር ሰባት ሆነ። ከዚያ ሲ ፍላት ወደ ላ ይወርዳል፤ ፋ ሰባት ነው። ሚ ፍላት ወደ ሬ ሲወርድ ሲ ፍላት ሜጀር ላይ ናችሁ። እንዲህ እየወረዳችሁ ስድስት ስኬል ታዳርሳላችሁ። መሣሪያው ከታች ሲያልቅባችሁ አንድ ኦክታቭ ወደ ላይ ዝለሉ። የቀሩትን ስድስት ለማግኘት ደግሞ ከሚ ፍላት ማይነር ጀምሩ።

ብሉዝም እንዲሁ ቀላል ነው። ለፋ ሰባት ላ እና ሚ ፍላትን ያዙ። ሁለቱንም በግማሽ ድምፅ ስታወርዱ ሲ ፍላት ሰባት፣ ከላ እና ሚ ፍላት በግማሽ ድምፅ ስታወጡ ዶ ሰባት ይመጣል። አሥራ ሁለቱ የብሉዝ ባር በእነዚህ ሦስት ቦታዎች ያልቃል።

በሳምንት አንዴ በስልካችሁ ቅዱትና አድምጡ። የተሳሳተ ኖታ አትፈልጉ። ኮርዱ ካለፈ በኋላ እየጮኸ የቀረ ኖታ ፈልጉ፤ ስታገኙት ያንን ባር ብቻ ለይታችሁ በነጋታው ወደ መጀመሪያው ልምምድ ውሰዱት።