ከፍ ያለ እንግሊዝኛ ለመያዝ ቃላት ስታጠኑ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የእንግሊዝኛ ችሎታን ለሚመዝኑት የአይኤልትስ ወይም የቶፍል ፈተናዎች መዘጋጀት የጀመረ ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው ረጅም የቃላት ዝርዝር ነው። ቴሌግራም ላይ ደግሞ ዝርዝር ሞልቷል። እንግሊዝኛው በግራ፣ አማርኛው በቀኝ። ተማሪው ሌት ተቀን ይሸመድደዋል። ከወራት በኋላ ግን ድርሰቱም ንግግሩም ያው ነው። ብዙዎች ይሄኔ «ቋንቋ አይገባኝም» ብለው ተስፋ ይቆርጣሉ፤ ያሳዝነኛል። ችግሩ ያለው አጠናኑ ላይ ነውና።

ስህተቱ ከምርጫው ይጀምራል። ከፍ ያለ ቃል ሲባል ማንም ሰምቶት የማያውቅ ቃል ይመስለናል። ብርቅ ብርቁን ስናሳድድ በየገጹ የሚመላለሱትን «አሲዩም»፣ «ሲግኒፊካንት»፣ «ደራይቭ» የመሳሰሉትን በቅጡ ሳናውቃቸው እናልፋለን። እ.ኤ.አ. በ2000 አቬሪል ኮክስሄድ የተባሉ የኒውዚላንድ ቪክቶሪያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ከየትምህርት ዘርፉ የተሰበሰቡ ጽሑፎችን መርምረው 570 የቃል ቤተሰቦችን (አንድ ቃል ከእሱ ከሚወጡት ቅርጾች ጋር) የያዘ ዝርዝር አውጥተዋል። እነዚህ ቃላት ብቻቸውን ከአንድ የዩኒቨርሲቲ ጽሑፍ 10 በመቶ ገደማውን ይሸፍናሉ። በየቀኑ የሚያስፈልጉትን ሁለት ሺህ ያህል ቃላት ከያዛችሁ ቀጥሎ መግባት ያለባችሁ እዚህ ነው። ከዚያ ወደ የሙያችሁ ቃላት እለፉ። ነርስና የሒሳብ ባለሙያ አንድ ዓይነት ዝርዝር አያስፈልጋቸውም።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ግን ቃሉን ብቻውን፣ ከአንድ የአማርኛ ፍቺ ጋር መያዝ ነው። ቃል ጓደኞች አሉት። ጓደኞቹን ካላወቃችሁ አማርኛውን በእንግሊዝኛ ቃላት ታወራላችሁ። «ጉንፋን ያዘኝ» እንላለን፤ በእኛ ያዡ ጉንፋኑ ነው። በእንግሊዝኛ ያዡ ሰውየው ነው፤ «አይ ኮት ኤ ኮልድ» ይላል። እኛ ሕልም እናያለን፤ እነሱ «አይ ሃድ ኤ ድሪም» ነው የሚሉት። ወፍራም ቡና «ስትሮንግ ኮፊ» ነው፤ ከባድ ዝናብ ግን «ሄቪ ሬይን» እንጂ «ስትሮንግ ሬይን» አይባልም። «ስለ ጉዳዩ እንወያይ» ስለምንል «ዲስከስ አባውት» ብለን እንጽፋለን፤ «ዲስከስ» ግን «አባውት»ን አይፈልግም። ይህቺ ስህተት በጣም ጎበዝ ሰዎች ጽሑፍ ውስጥ ሳትቀር ትገኛለች።

ስለዚህ ደብተራችሁ ላይ «ኮንክሉዥን፦ መደምደሚያ» ብላችሁ አትለፉ። «ሪች ኤ ኮንክሉዥን» ብላችሁ ጻፉ፣ መደምደሚያ ላይ መድረስ። ሥሩ «ድሮው ኤ ኮንክሉዥን» ይግባ፣ ካያችሁት ማስረጃ ተነስቶ መደምደም። ቀጥሎ «ጀምፕ ቱ ኮንክሉዥንስ»፣ ሳያጣሩ መደምደም። አንድ ቃል ይዛችሁ ሦስት ነገር መናገር ቻላችሁ ማለት ነው። ለዚህ ሥራ ለተማሪዎች የተዘጋጁት የኦክስፎርድ፣ የኬምብሪጅና የሎንግማን መዝገበ ቃላት ኢንተርኔት ላይ በነፃ አሉ፤ ቃሉ ከማን ጋር እንደሚሄድ በምሳሌ ያሳያሉ። ፍቺው ይከብደኛል ብላችሁ አትፍሩ። ሎንግማን ፍቺዎቹን የሚጽፈው በ2,000 ገደማ ቀላል ቃላት ነው።

ተመሳሳይ ቃላትን እኩል አድርጎ ማየትም ብዙ ሰው ይጥላል። በአማርኛ ሸንቃጣና ከሲታ ሁለቱም ቀጭን ናቸው። ግን ሊያስደስታት የሚፈልጋትን ልጅ «ከሲታ ነሽ» የሚል የለም። «ስሊም» እና «ስኪኒ»ም እንዲሁ ናቸው፤ የመጀመሪያው ያሞግሳል፣ ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ያስከፋል። በዚህ ላይ ቃል በከበደ ቁጥር ድርሰት የሚያምር የሚመስላቸው አሉ። ለ«መጠቀም» «ዩዝ» በቂ በሆነበት ሁሉ «ዩቲላይዝ» ይደነቅራሉ። አይኤልትስ ላይ የቃላት አጠቃቀም ከጽሑፍ ፈተናው ውጤት ሩቡን ይይዛል፤ እሱም ቃሉ በቦታው መግባቱን ጭምር ያያል። ያለቦታው የገባ ትልቅ ቃል ነጥብ ያስጥላል።

አነባበቡን በፊደላችን ጽፎ መተውም አይበጅም። የእኛ ፊደል የእንግሊዝኛውን የድምፅ ጫና፣ ማለትም ከቃሉ የትኛው ክፍል ጠንከር ተደርጎ እንደሚነገር፣ አያሳይም፣ ለ«ቲ ኤች» ድምፅም ምልክት የለውም። ሆሄውን አይቶ መገመትም ያሳስታል፤ «ሰትል» (subtle፣ ረቂቅ) የሚባለውን ቃል ውስጡ «ቢ» ስላለ «ሰብትል» የሚሉት ብዙ ናቸው። መዝገበ ቃላቱን ስልካችሁ ላይ ከፍታችሁ ከቃሉ አጠገብ ያለችውን የድምፅ ምልክት ነክታችሁ ስሙት፣ ድምፅ አውጥታችሁም በሉት።

የመጨረሻው የክለሳ ጉዳይ ነው። ዝርዝሩን ደጋግሞ ማንበብ ያወቅን ያስመስለናል፤ ዓይን ስለለመደው ብቻ። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኸርማን ኤቢንግሃውስ የተማርነው ነገር በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ውስጥ በፍጥነት እንደሚጠፋ እ.ኤ.አ. በ1885 ራሱ ላይ ሞክሮ አሳይቷል። መፍትሔው እየራቀ በሚሄድ ጊዜ ራስን መጠየቅ ነው። ሌላው ጀርመናዊ ሰባስቲያን ላይትነር በ1970ዎቹ ያስተዋወቀው ዘዴ የጫማ ካርቶንና ቃላት የሚጻፉባቸው ትንንሽ ካርዶች ብቻ ነው የሚፈልገው። ካርቶኑን አምስት ቦታ ክፈሉት። አዲስ ካርድ ሁሉ አንደኛው ክፍል ይገባል፣ እሱን በየቀኑ ትጠየቃላችሁ። ያወቃችሁት ወደ ሁለተኛው ያልፋል፣ እሱን በየሁለት ቀኑ። እንዲህ እያለ አምስተኛው ጋ ሲደርስ በወር አንዴ ይሆናል። የተሳሳታችሁት ካርድ የትም ይሁን የት ወደ አንደኛው ይመለሳል። ካርቶን የማይመቸው ሰው አንኪ የሚባለውን መተግበሪያ ይጫን፤ ሐሳቡ ተቀራራቢ ነው።

ካርዱ ላይ ታዲያ ባዶ ቦታ ያለው ዓረፍተ ነገር ጻፉ፣ ቃሉን ከኋላ። ዓረፍተ ነገሩ ከራሳችሁ ሕይወት ይሁን፣ ስለ ሥራችሁ፣ ስለ ሰፈራችሁ። በቀን ሃምሳ ቃል ልያዝ አትበሉ። እኔን ከጠየቃችሁኝ አሥር ይበቃል፣ ሥራ የሚበዛበት ሰው አምስት። ቀሪውን ጊዜ ለንባብ ስጡት፤ ካርዱ ላይ የጻፋችሁትን ቃል ጋዜጣ ውስጥ ስታገኙት ከማን ጋር እንደመጣ አይታችሁ እዚያው ካርድ ላይ ጨምሩበት።