ሩሉ ዝም ሲል፣ ሩሉ ሲጮህ

የምኖረው ደሴ ነው፤ ጣጣዬ ግን ኮምቦልቻ ነው። እዚያ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ኔትወርክ የሚሠራ ጓደኛ አለኝ። ሱሪካታ (የኔትወርክ ትራፊክ እያየ አጠራጣሪውን የሚያሳውቅ ፕሮግራም) ተክሎ በራሱ ሩል (ምን ሲያይ እንዲጮህ የሚነግረው ትእዛዝ) መጻፍ ከጀመረ ወዲህ ስልኬ አላረፈም። ጥያቄው ሁለት ዓይነት ነው፦ ወይ «ሩሉ ዝም አለ»፣ ወይ «ሩሉ አላስቀምጥ አለኝ»። በሚኒባስ እየወረድኩ ያየኋቸው ችግሮች እነሆ። ስኖርት የተባለውን ተመሳሳይ ፕሮግራም ለምትጠቀሙም አብዛኛው ይሠራል፤ አጻጻፉ ላይ ግን ልዩነት አለ።

ችግር፦ ሩሉ ተጭኗል፣ አለርት (ማስጠንቀቂያ) የለም

መጀመሪያ ሩሉን አትንኩት። ኮንተንት (በፓኬቱ፣ ማለትም በሚላከው የዳታ ቁራጭ ውስጥ የሚፈለገው ቃል) የሌለው፣ ከየትም ወደየትም የሚሄድ ፒንግ (የ«አለህ ወይ» መልእክት) የሚይዝ ሩል ጻፉ። ከዚያ ፒንግ አድርጉ። እሱም ዝም ካለ ትራፊኩ ሱሪካታ ጋ እየደረሰ አይደለም። ስዊቹ ላይ ሚረር ፖርቱን (የትራፊኩን ቅጂ ለሱሪካታ የሚሰጠውን) እዩ። እኛ ጋ ኬብሉ የተሰካው ከሚረሩ ቀጥሎ ያለው ፖርት ላይ ነበር። ምን ይባላል!

ፒንጉ ጮኾ ሌላው ዝም ካለ ሁለት ነገር ፈትሹ። አንደኛው «ሆም ኔት» ነው፤ የራሳችሁ የሚባሉት አድራሻዎች ዝርዝር። ሱሪካታ ሲመጣ በ192.168፣ በ10 እና ከ172.16 እስከ 172.31 ባሉት የሚጀምሩትን የግል አድራሻዎች ይዞ ነው። አንድ ሰው «ላስተካክል» ብሎ ሁለቱን ከሰረዘ ሩላችሁ የራሳችሁን ኮምፒውተር እንደ ባዳ ያያል። ሁለተኛው ቼክሰም ነው፤ ፓኬቱ በመንገድ እንዳልተበላሸ ማረጋገጫ ቁጥር። ትራፊኩን የያዛችሁት ላኪው ማሽን ላይ ከሆነ፣ ቼክሰሙን የሚሞላው ኔትወርክ ካርዱ ስለሆነ የተያዘው ፓኬት ገና ያልተሞላ ነው። ሱሪካታ ደግሞ «የተበላሸ ነው» ብሎ ሊጥለው ይችላል። የቼክሰም ማረጋገጫውን አጥፍታችሁ ሞክሩ። እኛን አንድ ሙሉ ከሰዓት የበላን ይሄ ነው።

ችግር፦ ቃሉ ፓኬቱ ውስጥ አለ፣ ሩሉ ግን አያየውም

ኮንተንት የላቲን ትልቅና ትንሽ ፊደል ይለያል። እንዲለይ ካልፈለጋችሁ «ኖኬዝ» ጨምሩ። የኤችቲቲፒ ሆስት (የድረ ገጹ ስም) ላይ ግን ሱሪካታ ሁሉንም ወደ ትንሽ ፊደል ስለሚቀይር እናንተም በትንሹ ፊደል ጻፉ። የምትፈልጉበት ቦታ (ለምሳሌ ሆስቱ) መጀመሪያ ይጠራል፣ ኮንተንቱ ይከተላል፤ በድሮው ስኖርት 2 ተገላቢጦሽ ነበር። ከቆየ ገጽ የተቀዳ ሩል ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው የሚሰናከለው።

ትራፊኩ ኤችቲቲፒኤስ ከሆነ በከንቱ አትድከሙ። ውስጡ የተመሰጠረ ነው። ብዙውን ጊዜ የምታገኙት የሰርቨሩን ስም ብቻ ነው፤ ሩሉንም በስሙ ላይ ጻፉት።

ችግር፦ የአማርኛ ቃል አልያዝ አለ

እዚህ ላይ ልቆይ፤ የእንግሊዝኛው መመሪያ የማይነግራችሁ ይሄንን ነው። ፋብሪካው ውስጥ ገና በኤችቲቲፒ የሚሠራ የሰነድ መላኪያ አለ። ኃላፊው «ርዕሱ ላይ ምስጢር የሚል ነገር ከወጣ አሳውቁኝ» አለ። ጓደኛዬ «ርዕስ» የሚለውን በአንድ ኮንተንት ያዘ፣ ቀጥሎ «ምስጢር» ከ«ዊዚን 10» (ከቀደመው ቃል ቀጥሎ ባለው 10 ውስጥ ፈልግ) ጋር ጻፈ። ሱሪካታ ሩሉን አልጭንም አለ።

«4 ፊደል ናት እኮ!» አለኝ ተናዶ።

ሱሪካታ ፊደል አይቆጥርም፤ ባይት ነው የሚቆጥረው። በዩቲኤፍ 8 (ፊደልን ወደ ባይት የሚቀይረው የተለመደ አሠራር) አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ነው። ለምሳሌ «ሰ» 225፣ 136 እና 176 ሆና ነው የምትሄደው። ስለዚህ «ምስጢር» 12 ባይት ነው፤ 10 ውስጥ መቼም አይገባም። ፊደሉን በ3 አባዙ፣ ለክፍት ቦታና ለነጥቦች ትንሽ ጨምሩ።

ከዚያ ተጫነ። አሁንም ዝም። ጸሐፊዋ የምትጽፈው «ሚስጥር» ብላ ነበር! ሌላው «ምሥጢር» ይላል። ለእኛ አንድ ቃል ነው፣ ለሩሉ ሦስት የተለያዩ የባይት ሰልፎች። «ኖኬዝ» አያድንም፤ ስ እና ሥ ትልቅና ትንሽ ፊደል አይደሉም። መፍትሄው ለእያንዳንዱ አጻጻፍ የራሱን ሩል መጻፍ ነው። የራሳችሁ የሩል ቁጥር ከ1000000 ይጀምር፤ አንዱን ቁጥር ሁለቴ አትጠቀሙ።

ሊንክ ውስጥ ያለ አማርኛ ደግሞ በፐርሰንት (%) ወደሚጀምር ኮድ ይቀየራል፤ አንዷ ፊደል 9 ምልክት ትሆናለች። ተፈትቶ የቀረበውን ዩአርአይ (የሊንኩን አድራሻ) ፈልጉ፣ ጥሬውን ተዉት። የዎርድ (docx) ፋይል ውስጥ ያለን ቃል በኮንተንት ለመያዝ ደግሞ አትድከሙ፤ ፋይሉ የታመቀ ዚፕ ነው። በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ የድሮ ሰነድም ስክሪን ላይ አማርኛ ይምሰል እንጂ ባይቱ ሌላ ነው።

ችግር፦ አለርቱ ጎርፍ ሆነ

ቃሉ አጭር ነው፣ ቦታም አልተሰጠውም። በመጀመሪያ አቅጣጫ ስጡት፦ ግንኙነቱ የተመሠረተ፣ ጉዞው ወደ ሰርቨር። ቀጥሎ ቦታ። «ኦፍሴት» (ከየት ጀምሮ) እና «ዴፕዝ» (እስከ ምን ድረስ) እንደ ደሴ መነኻሪያ ናቸው፤ ከመነሻው ይቆጥራሉ፤ «ዴፕዝ» ግን «ኦፍሴት» አብሮት ካለ ከእሱ ይጀምራል። «ዲስታንስ» እና «ዊዚን» ግን ካለፈው ፌርማታ፣ ማለትም መጨረሻ ከተገኘው ኮንተንት መጨረሻ ይቆጥራሉ። «ዲስታንስ» ብቻውን ከሆነ ወደፊት ገደብ የለውም፤ ቃሉን ሐርቡ ድረስ ሄዶ ይፈልገዋል።

«በ60 ሰከንድ ከአንድ ምንጭ 1 አለርት ብቻ» የሚለውን ገደብ መጨረሻ ላይ አድርጉት። ቀድማችሁ ካደረጋችሁት ጩኸቱ ይቀንሳል፣ ሩሉ ግን እንደተበላሸ ይቀራል።

ችግር፦ ማሽኑ ደከመ፣ ፓኬት ይጥላል

ሱሪካታ ለመጀመሪያ ማጣሪያ በተለምዶ ረጅሙን ኮንተንት ይመርጣል። ረጅሙ በየፓኬቱ የሚገኝ ተራ ነገር ከሆነ ማጣሪያው ምንም አያጣራም። ብርቅ የሆነውን መርጣችሁ «ፋስት ፓተርን» በሉት። ኮንተንት የሌለው ሬጌክስ (ቃሉን ሳይሆን የቃሉን ቅርጽ የሚፈልግ ትእዛዝ) ደግሞ ማሽን ገዳይ ነው።

ማንኛውንም ሩል ፋብሪካው ላይ ከመልቀቃችሁ በፊት በተያዘ የፓኬት ፋይል ላይ አስኪዱት። አንዴ ትክክለኛውን ትራፊክ የያዘ፣ አንዴ ተራውን። ጓደኛዬ አሁን እንዲህ ነው የሚያደርገው። ባለፈው ሳምንት ግን እንደገና ደወለ። አንዱ የመጋዘን ሠራተኛ «ሚሥጢር» ብሎ ጽፏል። አራተኛውን ሩል ጻፍን።