በመድኃኒት ቤት መስኮት የታካሚን ደኅንነት ለመጠበቅ፦ ለሰሜን ሸዋ ባለሙያዎች የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ

ማንኛውም መድኃኒት ወደ ታካሚው ቤት ከመሄዱ በፊት የባለሙያ ዐይን ለመጨረሻ ጊዜ የሚያርፍበት በእደላ መስኮቱ ላይ ነው። ክሊኒካል ገቨርናንስ የሚባለው ሥርዓት፣ ማለትም አንድ ተቋም ለሚሰጠው ሕክምና ጥራትና ደኅንነት በግልጽ ተጠያቂ የሚሆንበት አሠራር፣ በወረቀት ላይ ምን ያህል ቢያምር የሚፈተነው እዚሁ መስኮት ላይ ነው።

ማዘዣ ሲቀበሉ የታካሚውን ሙሉ ስም እርሱ ራሱ እንዲነግርዎ ያድርጉ፤ በተለይ በገበያ ቀን ወረፋው ሲበዛ፣ በስሙ ሲጠሩት በደንብ ሳይሰማ «አቤት» የሚል ሰው አይጠፋምና። ዕድሜን፣ ክብደትን፣ እርግዝናን፣ የማይስማማውን መድኃኒትና በቤቱ የሚወስደውን ሌላ መድኃኒት ይጠይቁ። ጽሕፈቱ ካልተነበበልዎ በግምት አያድሉ፤ ወደ ሐኪሙ ደውለው ያረጋግጡ። የሚቻል ከሆነ አንዱ ያወጣውን መድኃኒት ሌላው ያመሳክረው፤ ብቻዎን ከሆኑ ደግሞ መድኃኒቱን ካወጡ በኋላ ማዘዣውን እንደ አዲስ ያንብቡት።

በሸዋ ሮቢትና በዙሪያው ባለው ቆላ በብዛት የሚታደለውን የወባ መድኃኒት፣ ኮአርተምን፣ እንመልከት። መጠኑ የሚወሰነው በክብደት ነው፤ ከ15 እስከ 24 ኪሎ ግራም የሚመዝን ልጅ በአንድ ጊዜ 2 ፍሬ፣ 35 ኪሎ ግራምና ከዚያ በላይ የሚመዝን ሰው 4 ፍሬ ይወስዳል፤ ስለሆነም ሚዛን የሌለው መስኮት ይህን መድኃኒት በአግባቡ ሊያድል አይችልም። የመጀመሪያውን መጠን ታካሚው ፊትዎ ይውሰድ። ይህ የሆነው ከጠዋቱ 4 ሰዓት ከሆነ፣ ሁለተኛው ከ8 ሰዓት በኋላ ስለሚወሰድ በመያዣው ላይ «ዛሬ ከምሽቱ 12 ሰዓት» ብለው ይጻፉ፤ ለቀጣዮቹ ሁለት ቀናትም «ጠዋትና ማታ» ብለው ይጨምሩ። ከወሰደ በ1 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ካስመለሰው ያንኑ መጠን መድገም እንዳለበት ይንገሩት። መድኃኒቱ በደንብ ወደ ሰውነት የሚገባው ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ ነው፤ በጾም ወራት ወተት የማይቀምስ ታካሚ በዘይት ከተሠራ ወጥ ወይም ከለውዝ ጋር እንዲወስደው ያስረዱት። በመጨረሻም የነገሩትን መልሶ እንዲነግርዎ ይጠይቁት፤ ይህ ጥያቄ ከማንኛውም ረጅም ማብራሪያ ይበልጣል።

ብዙ ጊዜ ችላ የሚባል ሌላ አደጋ አለ። በካርቶኑ ላይ የሚታተመው የአገልግሎት ማብቂያ ጊዜ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። 06/2026 የሚለውን ታካሚው በእኛ አቆጣጠር ካነበበው ገና ብዙ ዓመት የቀረው ይመስለዋል፤ እውነተኛው ማብቂያ ግን ሰኔ 23 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። ይህን ቀን በእጅዎ በግልጽ ይጻፉለት።

ለወላዶች የሚሰጠው ኦክሲቶሲንና ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ማቀዝቀዣ ይቀመጡ፤ ሙቀቱም በቀን ሁለት ጊዜ ይመዝገብ። የደብረ ብርሃን ብርድ ማቀዝቀዣን አይተካም፤ በረዶ የሠራ ኢንሱሊንም ቢቀልጥ እንኳ አይታደልም።

ከሁሉ በላይ አጥብቄ የማሳስበው የስሕተት መዝገብን ነው። ለደም ግፊት አምሎዲፒን የታዘዘለት ሰው የድብርት መድኃኒት የሆነው አሚትሪፕቲሊን ሊሰጠው ሲል በማመሳከሩ ላይ ቢደረስበት፣ ማንም ባይጎዳም ይመዝገብ፤ ሰዓቱ፣ በሥራ ላይ የነበሩት ሠራተኞች ብዛትና የሁለቱ መድኃኒቶች አቀማመጥ አብረው ይጻፉ። የባለሙያውን ስም ብቻ የሚፈልግ ኃላፊ ሁለተኛ ሪፖርት አያገኝም፤ ስለዚህ በቅንነት ያመለከተ ሰው እንደማይቀጣ በጽሑፍ ይታወቅ። ስሕተቱ ታካሚው ዘንድ ከደረሰ ግን ቅድሚያ ለሕክምናው ይሰጥ፤ ሐኪሙ ወዲያው ይነገረው፤ ታካሚውም የሆነውን ሳይሸፋፈን ይወቅ፤ ይህ መብቱ ነው።

መድኃኒቱ ያስከተለው ያልተጠበቀ ጉዳት ከሆነ በቢጫው ቅጽ ወይም በነጻ የስልክ መስመር 8482 ለኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ያሳውቁ፤ የጥራት ጥርጣሬ ካለ ናሙናውን ከነመለያ ቁጥሩ ለይተው ያቆዩ። መዝገቡን የመድኃኒትና ሕክምና ኮሚቴው በየወሩ ይመርምረው፤ «ሁለቱ መድኃኒቶች ይለያዩ» ተብሎ ከተወሰነም በቀጣዩ ስብሰባ ቃለ ጉባኤው ከመጽደቁ በፊት አንድ የኮሚቴ አባል መደርደሪያው ድረስ ሄዶ ይመልከት።