ኀሳር፣ አሳር፣ ኪሳራ፦ ሲጽፉ የሚምታቱ ቃላት

ደሴ ላይ «አሳሬን አየሁ» የሚል ሰው ሐረጎ ዳገት ላይ መኪና ቆሞበት ይሆናል እንጂ ማንም አላዋረደውም። የግእዙ «ኀሳር» ግን ውርደት ነው፤ ሰው እያየ ክብርን መገፈፍ። ተቃራኒውም «ደስታ» ወይም «ምቾት» ሳይሆን «ክብር» ነው።

ከሁሉ የሚበዛው ስህተት እነዚህን ሁለቱን አንድ አድርጎ መተርጎም ነው። ኀምስቱ አምስት፣ ሐመድ አመድ እንደሆነ ሁሉ፣ ኀሳርም በአማርኛ የጉሮሮ ድምፁን ጥሎ አሳር ሆነ። ትርጉሙም አብሮ ተንሸራቷል። የተዋረደ ሰው ኑሮው መከራ ስለሚሆን፣ ከውርደቱ ይልቅ መከራው ጎልቶ የቀረ ይመስለኛል። እናም የግእዝ ጽሑፍ ላይ ኀሳር ሲያጋጥም «መከራ» ብሎ ማለፍ፣ በአደባባይ የተዋረደውን ሰውዬ ዝም ብሎ የተቸገረ ያስመስለዋል።

«ኀሳር ከኪሳራ የመጣ ነው» የሚሉም አሉ። ወሎ ላይ ይህ መምታታት አይገርምም፤ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ግእዝና የእስልምና ትምህርት ማዕከሉ የጀማ ንጉሥ ዐረብኛ የሚሰሙበት አገር ነው። ኪሳራ ከዐረብኛው «ኸሳራ» የገባ ቃል ነው፤ ቁርኣን ውስጥ ሱረቱል ዐስር ላይ ያለው «ኹስር»ም ከዚያው ነው። ሥረ ፊደላቸው ስለሚገጥም ግእዙና ዐረብኛው የአጎት ልጆች ሊባሉ ይችላሉ፣ አንዱ ሌላውን ግን አልወለደውም። ባቲ ገበያ ግመሉን ከገዛበት በታች ሸጦ የተመለሰ ነጋዴ ከስሯል። ክብሩ ግን አልተነካም።

ቅሌትን፣ ውርደትንና ኀፍረትን ያለ ልዩነት መደርደር ደግሞ ሽምግልና ላይ መዘዝ አለው። ቅሌት ከ«ቀለለ» ነው፤ ሰው በገዛ ሥራው ሲቀልል የሚባል። ውርደት ከ«ወረደ» ስለሆነ፣ ሌላ ሰው ያወረደውንም ይይዛል። አባጋር (የወሎ አስታራቂ ሽማግሌ) ፊት ለቀረበ ተበዳይ ቤተሰብ «የደረሰባችሁን ውርደት እናውቃለን» ቢባል ልብ ያለሰልሳል። «ቅሌታችሁን እናውቃለን» ቢባል ግን ጥፋተኛ ማድረግ ነው፤ ዕርቁ እዚያው ይፈርሳል። ኀፍረት ደግሞ ውስጥ የሚሰማ ስሜት ነው። አገር ሁሉ እየተጠቋቆመበት ምንም የማይሰማው አለ፤ ለእሱማ አማርኛ «ዓይን አውጣ» የሚል ስም አዘጋጅቶለታል።

ኳስ ሁለት ለባዶ በተሸነፉ ቁጥር «የኀሳር ቀን» ብሎ መጻፍም አለ። መሸነፍ መሸነፍ ነው፤ «ተሸነፍን» ይበቃል።

አጻጻፉን በተመለከተ፣ «ሀሳር» ተብሎ ቢጻፍ አማርኛ አንባቢ አይቸገርም። የቃሉን ምንጭ ለማሳየት የሚጽፍ ሰው ግን በብዙኃኑ ኀ ይጻፈው፤ በሃሌታው ሀ ከተጻፈ መዝገበ ቃላት ላይ ፈላጊውን የተሳሳተ ገጽ ያስገልጠዋል።