«ጎበዝ ልጅ»ን ወደ እንግሊዝኛ አትመልሱ

አሜሪካ ውስጥ ሰውን «ቦይ» ማለት ምን ነውር አለው? በዚህ ወር ብቻ ሦስት ሰው ይህንኑ ጠየቀኝ። የመጨረሻው አሜሪካ ከገባ ሁለት ወር አልሞላውም። መጋዘን ውስጥ አብሮት የሚሠራውን ጥቁር አሜሪካዊ «ቦይ» ብሎ ጠርቶ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው። «ልጅ ማለት አይደል እንዴ?» አለኝ።

ነው። ግን እንደኛ «ልጅ» አይደለም። እኛ ዘንድ ልጅ ኢያሱን ያህል ሰው የተጠራበት ማዕረግ ነበር። «የሰፈሬ ልጅ» ስንልም በፍቅር ነው። «ቦይ» ከ700 ዓመት በፊት ገደማ እንግሊዝኛ ውስጥ ሲታይ አሽከር ማለት ነበር፤ ወንድ ልጅ የሚለው ትርጉም በኋላ መጣ። አሜሪካ ውስጥ በባርነት ጊዜ፣ ከዚያም በዘር መለያየቱ ዘመን፣ ነጮች ጸጉሩ የሸበተውን ጥቁር አባት በልጆቹ ፊት «ቦይ» ይሉት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1968 የሜምፊስ ከተማ ጥቁር ጽዳት ሠራተኞች አድማ ሲመቱ የያዙት ጽሑፍ «አይ አም ኤ ማን» (አዋቂ ወንድ ነኝ) የሚለው ለዚህ ነው። በ2006 ደግሞ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቃሉ ብቻውን፣ ጥቁር የሚል ሳይጨመርበትም፣ እንደ አነጋገሩና እንደ ሁኔታው የዘር አድልዎ ማስረጃ ሊሆን ይችላል አለ።

እኔም ወድቄበታለሁ። ዲሲ ፓርኪንግ ስሠራ ተረኛ አጋሬ ስልሳ የደፈኑ ጥቁር አሜሪካዊ ነበሩ። ሒሳብ አልዘጋ ብሎኝ ሰዓት ሙሉ ስለፋ፣ መጥተው ስህተቱን በአምስት ደቂቃ አገኙልኝ። ደስ ብሎኝ ትከሻቸውን መታ አድርጌ «ጉድ ቦይ!» አልኩ። ጎበዝ ማለቴ ነበር። የያዙትን ቁልፍ ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ወጡ። በማግስቱ ቢሮ ተጠራሁ። ፎርም ሞላሁ፣ ቪዲዮ አሳዩኝ፣ ፈርም አሉኝ። ቃሉ ለምን እንደሚያቆስል ግን ማንም አልነገረኝም። ያስረዳኝ በሩ ላይ የሚጠብቅ ያገሬ ሰው ነው። አጋሬን ይቅርታ ስጠይቃቸው «አባቴን እስኪሞት እንዲህ ይሉት ነበር» አሉኝ።

ስለዚህ አዋቂን ሰው በስሙ ጥሩ፤ ትልቅ ከሆነ «ሚስተር» ወይም «ሰር» በሉ። ጥቁር አሜሪካውያን እርስ በርሳቸው «ማይ ቦይ» ሲባባሉ ሰምታችሁ አትድገሙ፤ የእነሱ ነው። የሥራ ባልደረባችሁንም ሴት «ገርል» አትበሉ። ሕፃንን «ኪድ» ማለት ችግር የለውም። «አላወቅኩም» የሚለው መልስ ግን ለመጀመሪያ ቀን ብቻ ነው የሚሠራው። ዓመት ተቀምጦ ያንኑ የሚል ሰው አልጠየቀም ማለት ነው።

እሳቸውን ጡረታ እስኪወጡ ድረስ «ሚስተር» እያልኩ ጠራኋቸው።